ሦስት ፕሮግራም፣ ስድስት ፓኔል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለማስታወሻ ሳይሆን ለማስረጃ ነው። ነገ አንዱ ተነስቶ «ለአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስታደርግ ነበር?» ቢለኝ ገልጬ አነብለታለሁ።

የቅርጽ ማሽኗ ከገባች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። የወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት ጓሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ከምግብ ጠረጴዛ አትበልጥም። በኮምፒውተር እየታዘዘች እንጨት ትፈለፍላለች፤ መፈልፈያ ጥርሷ ወጥቶ የሌዘር ራስ ሲገባላት ደግሞ እያቃጠለች ትጽፋለች። ሻጩ «ሰክቶ ማየት ብቻ ነው፣ አባቴ፤ የቀረውን ራሷ ታውቃለች» ብሎኝ ነበር። ምንም አታውቅም! ሥዕሉን የሚያሰናዳላት፣ ጥርሷ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ የሚያሰላላት ፕሮግራም ከሌለ ድንጋይ ናት። እሱን ለብቻው መምረጥ እንዳለብኝ የነገረኝ የለም።

ግዛ ያለኝ ጋሼ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። ማሽን የነካውን እንጨት ዕድሜ ልኩን «የታኘከ» ሲል የኖረ አናጢ፣ ባለፈው ወር በድንገት «አንተ ሰው፣ ጡረታህ እየደረሰ ነው፤ አንድ መጫወቻ ግዛ እንጂ። እኔ ጋ አስቀምጣት፣ ቦታ አለኝ» አለኝ። ደስ ስላለኝ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሃያ ስድስት ዓመት የቴክኒክ ሥዕል ያስተማረ ሰው በወሬ አይመርጥም። ሰንጠረዥ ሠራሁ። አሥራ ሰባት መመዘኛ፣ እያንዳንዱ ከአሥር። ሦስት ፕሮግራሞች ለፍጻሜ ደርሰዋል። የንግድ ስማቸውን መጻፍ ስለሚያናድደኝ የራሴን ስም አውጥቼላቸዋለሁ።

«የኪራይ ቤት» በየወሩ ይከፈልበታል። ሥዕልህ የሚቀመጠው እነሱ ዘንድ ነው። ያልከፈልክ ዕለት የገዛ እጅህን ሥራ እንደ ጎረቤት ግቢ በአጥር ታየዋለህ። ይህን «አገልግሎት» ይሉታል።

«የማኅበሩ» በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ነው፤ ነጻ ነው። ለመሳል አንድ ፕሮግራም፣ ለማስላት ሌላ፣ ለሌዘሩ ሦስተኛ። እርስ በርሳቸው እንደ ተኳረፉ ምራቶች ናቸው፤ አንዱ ያወጣውን ፋይል ሌላው አላውቀውም ይላል። የኮሌጃችን የኮምፒውተር መምህር «እሱን ውሰድና ተገላገል» ብሎኛል። ተገላገል! እኔ ለመገላገል አይደለም የምሠራው።

«ውዱ» አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ ነው። ቅርጹንም ሌዘሩንም በአንድ መስኮት ይሠራል። ሠላሳ ቀን መሞከር ይቻላል፤ በሙከራው ግን ለማሽኗ ፋይል አያወጣም። ጫማውን ለካ፣ አትራመድበት እንደማለት ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ዘንድ መጣ። ዋናውን በር እሱ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ፦ ሁለት ክንፍ፣ ስድስት ፓኔል፣ በሙሉ የሱ ሐረግ። የበላዩን የስም ሰሌዳ በእኔ ሌዘር እንጽፋለን። በሩ መጋቢት 20 መገጠም አለበት።

በዚህ ከተማ ከሃምሳ በላይ በሮች የጋሼ ናቸው። አንድም ሐረግ ደግሞ አያውቅም። ለእያንዳንዱ በር አዲስ ሥዕል ይስላል፤ በሩ ሲገጠም ሥዕሉን አጥፎ በመቃኑና በግድግዳው መሀል ይከተውና ይመርግበታል። «ሥዕሉ የበሩ ሆድ ዕቃ ነው፤ ለማንም አይታይም» ይላል። ፊርማ የለውም፤ ፊርማው ይኸው ነው።

ሰብሳቢው ሲወጣ ጋሼ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ፓኔሎቹን በአንተ መጫወቻ እንፈልፍላቸው።»

«በማሽን? አንተ?»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

ቅርጽ የሚሠራው በጉልበት ነው እንዴ? ግን ሰው ስለ ጉልበቱ አይዋሽም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጋሼ የመጀመሪያውን የፓኔል ሥዕል ሰጠኝ። ወረቀቱን በምስል ማንሻ (በስካነር) አንስቼ ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ፤ የእርሳሱን መስመር ወደሚቆረጥ መስመር እንዲቀይር «የኪራይ ቤቱ»ን አዘዝኩት። ያመጣው መስመር መጋዝ ይመስላል! ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ፤ አንድ ቅጠል ላይ መቶ ሠላሳ ነጥብ። የጋሼን መስመር እንዲህ አድርጎ ማንበብ ስድብ ነው። ያ ሰው በአንድ እስትንፋስ ከግንድ እስከ ጫፍ የሚስል ሰው ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

«የማኅበሩ»ም ያው። መጋዝ።

እታለም፣ የጋሼ ባለቤት፣ ስወጣ በር ላይ ያዘችኝ። «ዛሬ ዛሬ ሻይ ግማሽ ብርጭቆ ቅጂልኝ ነው የሚለኝ» አለችኝ። «ሐኪም ቤት ውሰደው፤ አንተን ይሰማሃል።»

«ስኳር መቀነሱ ይሆናል፣ እታለም።»

«ስኳሩንማ ሦስት ነው የሚጨምር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ወንድሜ።»

ፕሮግራሙን እንደ መረጥኩ እወስደዋለሁ አልኳት። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ቀኑን ሙሉ ሙከራ። ከኮሌጁ የተሻለ የምስል ማንሻ ተዋስኩ። ብርሃኑን ለወጥኩ፤ ወረቀቱን በመስታወት ተጫንኩት፤ የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁ። ከፍ ባደረግሁት ቁጥር መጋዙ ይብስ ጥርስ ያወጣል። «ውዱ» ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሌሎቹ የዘለሉትን ጥርስ እንኳ ለቅሞ ያሳያል።

«መስመር የማንበብ ችሎታ» በሚለው ረድፍ ለሦስቱም ዜሮ። በእኔ ክፍል የሚንቀጠቀጥ መስመር ዜሮ ነው፤ ለኮምፒውተር የተለየ ሕግ አላወጣም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ለ«ውዱ» አምራቾች የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ፣ ከስድስት ምስል ጋር። «ይህን ፕሮግራም የሠራው ሰው እርሳስ ይዞ የሚያውቅ አይመስለኝም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ላወጣው አስቤ ተውኩት። ይቆይ።

ኮሪደር ላይ ሁለት ተማሪዎች ከኋላዬ፦ «ዜሮ መጣ፣ ዜሮ።» ዞር ስል አንደኛው ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ዓርብ፣ የካቲት 21

መልስ መጣ። የፈረመችው አንዲት የድጋፍ ሠራተኛ ናት። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦ «የላኩልንን ምስል አጉልተን ተመልክተነዋል። መስመሩ ላይ የሚታየው ነውጥ ከፕሮግራሙ የመጣ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለ ነው። ሥዕሉ እንደገና ሊሳል ይችል እንደሆነ ቢሞክሩ?»

ሊሳል ይችል እንደሆነ! አንቺ ልጅ፣ አንቺ ሳትወለጂ ያ እጅ በር ይፈለፍል ነበር! ጥፋታቸውን ወረቀት ላይ፣ ከወረቀትም ሰው ላይ ያላክካሉ። አራት መስመር መለስኩላት። ለባለቤቴ ሳነብላት «ይሄን ለሰው ልከኸዋል?» አለችኝ። ለሰው አይደለም፣ ለድርጅት ነው አልኳት። «ድርጅት ደብዳቤ ያነባል እንዴ?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ሌዘሩን ስሞክር የኮሚቴው ሰብሳቢ ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ነበር፤ እኔ መኖሬን አላወቁም።

«ሽማግሌው ደክመዋል ይባላል። የፋብሪካ በር ብናዝስ?»

«እስከ መጋቢት አምስት አንድ ፓኔል ካላየን እናዛለን» አለ ሰብሳቢው።

ሌዘሩን ማጥፋት ረስቼ ሰሌዳው ነደደ። በቁጥር ሲሰላ፦ አሥራ ሦስት ቀን አለኝ፣ ፕሮግራም የለኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ነገር፦ መለኪያህን ከመክሰስህ በፊት የታወቀ ነገር ለካበት። እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ስከስ ሰነበትኩ።

የጋሼ የድሮ ሥዕሎች በሙሉ መቃን ውስጥ ተመርገዋል፤ ከአንድ በቀር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የእርሳስ ሳጥን ቀርጾ ሰጥቶኝ ነበር። ሥዕሉን «ሳጥን መቃን የለውም» ብሎ ክዳኑ ውስጥ ለጥፎታል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አንስቼ ለሦስቱም ሰጠኋቸው።

እንደ ውኃ። ሦስቱም። አንድ ቅጠል በሰባት ነጥብ።

ስለዚህ ወረቀቱ ነው። ያን ጊዜ ወረቀት ወረቀት ነበር፤ የዛሬው ብስባሽ ነው፣ እርሳስ ይበትናል። የወረቀት ሻጩን ነገ አነጋግረዋለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

በዚያው ወረቀት፣ በዚያው እርሳስ፣ ሐረጉን እኔ ገልብጬ ሳልኩት። እንደ ውኃ።

ወረቀት ሻጩ ዘንድ አልሄድኩም።

እሑድ፣ የካቲት 30

«ማለስለሻ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ሦስቱም ዘንድ አለ። ከአንድ እስከ መቶ የሚንሸራተት ነገር ነው። ሰባ ላይ አደረግሁት። በነጻው በ«ማኅበሩ» በኩል ከማስሊያው ፕሮግራም ጋር እየታገልኩ የመጀመሪያውን ፓኔል ፈለፈልኩ። አራት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሰጋቱራው ቅንድቤ ላይ ሳይቀር ነው።

ፓኔሉ እንከን የለበትም። አንድም እንከን። ለጋሼ «ፕሮግራሙ ተስተካከለ» ልለው ወስኛለሁ። ውሸት አይደለም፤ ተስተካክሏል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ዛሬ ፓኔሉን ፊቱ አቆምኩት። በጣቱ አልነካውም፤ መዳፉን ሙሉ አሳረፈበት።

«ማን ሳለው?»

«አንተ ነሃ።»

«ማን ሳለው አልኩህ።»

«ፕሮግራሙ ትንሽ አለስልሶታል።»

«ለስልሷል። የታኘከ ነው። ሰው ይሄን አይቶ የማን በር ነው ሲል ስሜ ይጠራ?»

ያን ጊዜ ጮህኩ። በታላቅ ወንድሜ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። «ታዲያ ምን ላድርግ? እንደ ሳልከው ልፈልፍለው? እንደዚያ…»

«ጨርሰው።»

አልጨረስኩትም።

«እንደዚያ እየተንቀጠቀጠ፣ በል። ዕድሜህን የሰው መስመር ስታርም ኖረህ የእኔን መቼ ነው የምታየው እያልኩ ስጠብቅህ ነበር። ማሽኗን ግዛ ያልኩህ እንድትጫወት መሰለህ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም? የተማርከው አንተ!»

እታለም ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ይዛ ገብታ ነበር፤ ሁለታችንንም አይታ ይዛው ተመለሰች።

መንገዱን ሙሉ ስናደድ መጣሁ። በማን እንደምናደድ መወሰን ስላልቻልኩ በትራፊክ መብራቱ ተናደድኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሚዛን!

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ለጀማሪዎች ስለ ሥዕል ሚዛን (ስኬል)፣ ልክን ስለ ማሳደግና ማሳነስ፣ እያስተማርኩ መሀል ላይ አቋረጥኩ፤ ጠመኔ እንደያዝኩ። ለሃያ ስድስት ዓመት የማስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት! የእጁ ነውጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ሥዕሉ አራት እጥፍ ተልቆ ቢሳል ነውጡ አብሮ አያድግም። ወደ ልኩ ሲመለስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ያላየ ተማሪ ቢኖረኝ ምን እንደምሰጠው አውቃለሁ።

ከክፍል ወጥቼ ሄድኩ። ባለፈው ኮሪደር ላይ ጫማውን ያሰረው ልጅ «መምህር፣ ቦርሳዎ!» እያለ እስከ በር ተከተለኝ።

የሥራ ቤቱን ግድግዳ በጥቅል ወረቀት ሸፈንኩ፤ አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከስልሳ። ጋሼ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያየኛል።

«በስተርጅና ግድግዳ ላይ ልታስጽፈኝ ነው?»

«ከትከሻህ ሳል። ከጣትህ ሳይሆን ከትከሻህ።»

«ለኔ ነው የምትነግረኝ?» አለና ከሰሉን ተቀበለኝ።

ቆሞ፣ ሙሉ ክንዱን እየዘረጋ ሳለው። አንዴ ብቻ አረፈ። እኔ ማዕዘኖቹን ለክቼ ፎቶ አነሳሁና በ«ውዱ» አስገብቼ ወደ ልኩ አሳነስኩት። ሁለታችንም ኮምፒውተሩ ላይ አጎነበስን። ነውጡ አልጠፋም፤ ጠጋ ብሎ የሚያይ ያገኘዋል። ግንዱ ግን ከታች እስከ ጫፍ በአንድ እስትንፋስ ወጥቷል።

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ የኔ ነው» አለ። «ማለስለሻህን እንዳትነካ።»

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ሙከራው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ሰንጠረዡን አወጣሁ። በ«ውዱ» ረድፍ ዜሮውን ሰርዤ አሥር ጻፍኩ፤ የሌሎቹን ወደ ስምንት። «የኪራይ ቤት» ስድሳ ሁለት ከመቶ፣ «የማኅበሩ» ሰባ ሦስት፣ «ውዱ» ሰባ ዘጠኝ። ገዛሁት። የሌዘሩ መስኮት አሁንም አስቀያሚ ነው፤ መመሪያውን የጻፈው ሰውም ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሱ ነው የጻፈው።

ሰብሳቢው መጣ። ፓኔሉ ገና ማሽኗ ላይ ግማሽ ነበር። ቆሞ ጥርሱ ቅጠሉን ሲያዞር አየ። ስለ ፋብሪካ በር አላነሳም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ተስሏል። አንድ ጥርስ ተሰበረ። ክፍል፣ ሥራ ቤት፣ ክፍል። ምሳ የለም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ሦስቱም ፕሮግራሞች የደበቁኝ ነገር፦ የማሽኗ ጥርስ ክብ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ጋ ስትደርስ ክብ ትታ ትወጣለች። በየፓኔሉ አርባ እንዲህ ያለ ማዕዘን አለ፤ በስድስት ሁለት መቶ አርባ። የትኛውም ማስታወቂያ ላይ አልተጻፈም! መሮ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ጋሼ ትንሿን መሮ አነሳ። አያት። ለእኔ ዘረጋልኝ።

ልጅ ሆኜ መሮ ስነካ በማስመሪያ ይመታኝ ነበር። «የአንተ እርሳስ ነው» ይለኝ ነበር። እሱ ከስድስተኛ ክፍል የወጣው እርሳሱ ለእኔ እንዲሆን ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ማዕዘን ተፈነቀለ። መሮው ሄዶ ቅጠሉን ነካው።

«ስንት ትሰጠዋለህ፣ መምህር?»

«ዜሮ።»

«እኔ ግን አላባርርህም፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል። ክርንህን ጎንህ ላይ አሳርፍ። ትንፋሽህን አስወጣና ግፋ። አዎ። አሁን ሌላው።»

ሠላሳኛው ላይ «አራት» አለኝ። እሱም ከአሥር መሆኑን ጠየቅሁት። ከመቶ አለኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ሁለት መቶ አሥራ ስድስት። መዳፌ ተላጠ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ብርጭቆ ወረቀት ሲይዝ እጁ የፈለገውን ቢሆን ማንም አያውቅበትም። ይህን የተናገረው እሱ ነው፣ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የስም ሰሌዳው በሌዘር ተጻፈ። ሁለተኛው ሙከራ ነው። የመጀመሪያውን ወደ ጓሮ ወረወርኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

በሩ ተገጠመ። ሰብሳቢው ክንፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። «የእርሳቸው ነው፤ ያስታውቃል» አለ አብሮት ለመጣው ሰው፣ እኔን ሳያይ። የተፈነቀለው ማዕዘን ሦስተኛው ፓኔል ላይ፣ ከታች በስተግራ ነው። ማንም አላየውም። እኔ ግን ሌላ ነገር አይታየኝም።

ከመመረጉ በፊት ጋሼ ስድስቱን ትልልቅ ወረቀቶች አጥፎ መቃኑ ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ «የፊተኛዋን አምጣት» አለኝ። በየካቲት የሳላትን፣ መጋዟን።

«እቤት ረሳኋት» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «ከረሳሃት ደህና» አለና መረገው።

እርሳስ ሳጥኔ ውስጥ ናት።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ለ«ውዱ» ሠራተኛ ጻፍኩ፦ «ያቀረብኩትን ቅሬታ አንስቻለሁ። ፕሮግራማችሁ መስመሩን ያነበበው በትክክል ነው፤ ነውጡ ወረቀቱ ላይ ነበር። እውነቱን ቀድመው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የሰጠሁዎት መልስ የሚገባዎ አልነበረም። የሌዘሩን መስኮት በተመለከተ ግን በአቋሜ እጸናለሁ።» ለባለቤቴ አነበብኩላት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጣው አለችኝ። አላወጣሁትም።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጋሼን ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ። ቀጠሮ ላስይዝ ነው ብዬ ስደውልላት እታለም ሳቀች። ቀጠሮውን ያስያዘችው ገና በየካቲት ነው ለካ። ሁለት ጊዜ አስተላልፋዋለች፣ እኔ ፕሮግራሙን እስክመርጥ።